የሽመላው አካፋ

ተረት ተረት! «የመሠረት» በሉኝና ልጀምር።

አዋሽ ከቆቃ ወጥቶ ወደ ወንጂ ሜዳ በሚወርድበት፣ ከወንዙ ዳር ዝቅ ብሎ የተዘረጋ አንድ የአራዊት አገር ነበረ። ወደ ሰሜን የአዳማ ኮረብቶች ይታያሉ። ዳገቱን ቁልቋል ሞልቶታል፤ አዳማ ስሟን ያገኘችው በኦሮምኛ አዳሚ ከሚባለው ከዚሁ ቁልቋል ነው ይባላል። ከታች ደግሞ ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት የጀመሩበት የሸንኮራ ማሳ ተንጣሏል። የአራዊቱ አገር አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ፣ የጣሉበትን ሁሉ የሚያበቅል ነበር። ችግሩ አንድ ነበር፤ ወንዙ ሲሞላ መሬቱ ከውኃው በታች ይሆናል።

ስለዚህ ከወንዙ ዳር ረጅም የአፈር ክትር ነበራቸው። ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም። ከርከሮ በአፍንጫው ገፍቶ፣ ጃርት በጥፍሩ ቧጦ፣ ፍልፈል ከጉድጓዱ ያወጣውን አፈር ደርቦ፣ ከአያት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ሥራ ነው። ኤሊ እንቁላሏን የምትቀብረው፣ ጥንቸል የምትወልደው፣ ጅግራ የምትታቀፈው ከዚህ ክትር ጀርባ ነበር። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ደጋው ዝናብ ጠግቦ የቆቃ ግድብ ሞልቶ ውኃ ሲለቀቅ፣ ክትሩ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል።

የአገሩ አለቃ ጉማሬ ነበር። ክፉ አልነበረም። ድምፁ ይከብዳል፤ ሁለት ሰጎኖች ሲጣሉ አስታርቆ የሚመልስ፣ ለደካማ የሚፈርድ ነበር። ከወንዙ ማዶ ከፍ ባለው ቦታ ላይ፣ ከትልቁ ኦዳ ሥር ሆኖ ሸንጎ ይቀመጣል። ጎርፍ ሲመጣ ግን ለጉማሬ ውኃ ቤቱ ነው።

አንድ ነሐሴ ክትሩ በሌሊት ተሰበረና ጥንቸል አራት ልጆቿን አጣች። ውኃው በሦስተኛው ቀን ሲጎድል፣ ልጆቿን አስተኝታበት የነበረውን ሣር ከጭቃው ውስጥ ነቀለችው። ይዛው ወንዙን በመልካው ተሻግራ፣ ዳገቱን ወጥታ፣ ሸንጎው መሐል ገባች። ምንም አልተናገረችም። ሣሩን አለቃው እግር ሥር አስቀምጣ ቆመች። ሣሩ ላይ ጭቃው ገና አልደረቀም ነበር።

ሸንጎው ዝም አለ። ጉማሬም አንገቱን ደፋ። «አንድ ነገር እናድርግ» አለ።

በመስከረም መጨረሻ ሽመላው መጣ። ሽመላ የሁለት አገር ወፍ ነው፤ የእኛን ክረምት አውሮፓ ጎጆው ላይ ያሳልፋል፤ የእነርሱ ብርድ ሲጀምር በቦስፎርና በሲና በኩል አድርጎ፣ ዓባይን ተከትሎ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ይህኛው ጎጆው በጀርመን አገር ኤልቤ ከሚባለው ወንዝ ዳር ነበር። የጥንቸልን ነገር ሲነግሩት ክንፉን ሰብስቦ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ።

«እኔ የምኖርበትም አገር ሜዳ ነው» አለ በመጨረሻ። «ባሕሩና ወንዙ ሲቆጡ ከሜዳው በላይ ይሆናሉ። ሰዎቹ ግን ከ800 ዓመት በላይ በክትር ጀርባ ኖረዋል። ድሮ ክትሩን በመሬታቸው ልክ ተከፋፍለውት ነበር። ሰፊ መሬት ያለው ሰፊ ድርሻ ይጠብቅ ነበር፤ ጠባብ ያለው ጠባብ። በጸደይ፣ እኔ ጎጆዬን ሳድስ፣ የክትሩ አለቃ ከገበሬዎቹ ጋር ሆኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ይሄዳል። የአይጥ ጉድጓድ ያያሉ፣ የተሸረሸረ ቦታ ያያሉ። ድሮ ያላደሰ ይቀጣ ነበር። የአካፋ ሕግ የሚባልም ነበራቸው። ድርሻውን መጠበቅ ያቃተው ሰው አካፋውን ክትሩ ላይ ይተክልና መሬቱን ጥሎ ይሄዳል። አካፋውን የነቀለ ሰው መሬቱን ይወስዳል፤ ከመሬቱም ጋር ክትሩን የመጠበቅ ዕዳውን።»

ሸንጎው በደስታ ተንጫጫ። ሄደን እንይ፣ ልምድ እንቅሰም ተባለ። ማን ይሂድ ሲባል ግን ነገሩ ወዲያው ከበደ። አባ ኮዳ ለአለቃው ቅርብ ነው፤ ቁራ አፈ ጮማ ነው፤ ጭልፊት አባቱም ሸንጎ ተቀምጠዋል። ሦስቱ ተመረጡ።

እማማ ኤሊ እጇን አነሳች። ባቡሩ በአዳማ ማለፍ ሲጀምር ያየች፣ ከጣቢያው አጠገብ ዛፍ ሥር ብዙ ዘመን የኖረች ናት። ከባቡር የሚወርዱ የተማሩ ሰዎች ጥላው ላይ ቁጭ ብለው የሚያወሩትን ሁሉ ሰምታለች። ያን ቀን ለሸንጎው ያወራችውን እኔም ኋላ መጽሐፍ ላይ አግኝቼዋለሁ፤ እንዲህ ነው።

ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1871 መንግሥታቸውን ገና አዲስ እያዋቀሩ ሳሉ፣ ከዋና ዋናዎቹ ሹማምንት ግማሽ ያህሉን በመርከብ ጭነው ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ላኩ። መሪያቸው ኢዋኩራ ቶሞሚ ነበር። ከተማሪዎቹ ጋር ከ100 ሰው በላይ ናቸው። ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ፋብሪካ፣ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ፓርላማ፣ እስር ቤት ሲያዩ ከረሙ። ተማሪዎቹን እዚያው ትተዋቸው ተመለሱ፤ ከልጆቹ መካከል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ሱዳ ኡሜኮ የምትባል። አሥራ አንድ ዓመት አሜሪካ ኖራ አገሯ ገባች፤ በ1900 የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ሹማምንቱ ያዩትን ደግሞ መዝገብ ቤት አልቆለፉበትም። በአምስት ቅጽ አሳትመው በ1878 ለሕዝብ አወጡት። የገበሬ ልጅም ገዝቶ ሊያነበው ይችል ነበር።

የእኛም ሰዎች ከጃፓን ተምረዋል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. አገራችን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ስታገኝ፣ ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጣችውን ሕገ መንግሥት ፊታቸው ዘርግተው ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ አሁንም አከብረዋለሁ። ሥልጣን በወረቀት ላይ ይስፈር ማለት ብቻውን ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ሁለቱ ምክር ቤቶች መጡ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ክብር መጣ። አንድ ነገር ግን በመንገድ ቀረ። በጃፓን የታችኛው ምክር ቤት አባላት በድምፅ ይመረጡ ነበር፤ ድምፅ የሚሰጡት ግብር የሚከፍሉ ጥቂት ወንዶች ብቻ ቢሆኑም። በእኛ ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይምረጡ ተባለ። ሕዝቡ እንደራሴውን እስኪመርጥ ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀ። ከሰው አገር ቤት ሲያስመጡ ጣሪያውን ጭኖ መሠረቱን መተው ይቀላል፤ ጣሪያው ከሩቅ ይታያል፣ መሠረቱ ግን አፈር ውስጥ ነው።

ኤሊ ይህን አውርታ ስትጨርስ፣ «ልጆቼ፣ ፍልፈልን ላኩት» አለች። «ክትሩ የት እንደሚያፈስ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የሚጠይቀውን ያውቃል።»

«እማማ፣ ፍልፈል ክንፍ የለውም እኮ» አለ ጉማሬ በአክብሮት።

«ሽመላው ይሸከመዋል።»

ሽመላውም እሸከመዋለሁ አለ። ፍልፈል ግን ሸንጎ ቀርቦ አያውቅም፤ ዓይኑም ብርሃን አይወድም፤ በእንግዳ ፊት ያሳፍረናል ተባለ። በየካቲት ሦስቱ ወፎች ከሽመሎቹ ጋር ተነሡ። እነርሱ በሌሉበት ክረምት ክትሩ እንደገና ተሰበረ።

በመስከረም ሲመለሱ አባ ኮዳ በምንቃሩ አካፋ ይዞ መጣ፤ እውነተኛ የኤልቤ አካፋ፣ እጀታው በሰው እጅ የለሰለሰ። ሪፖርቱ ሦስት ቀን ተነበበ። ቁራ ስለ ክትሩ ቁመት፣ ስለ ሣሩ አረንጓዴነት፣ ስለተደረገላቸው አቀባበል ተናገረ። የኤልቤ ሰዎች ያሳዩአቸው ክትሩን በፀሐይ ቀን ነበር። አካፋው ኦዳው ላይ ተሰቀለ፤ ማንም እንዳይነካው ጭልፊት ጠባቂ ሆነ።

ሥራም ተጀመረ፤ ይህን መካድ ለሠሩት ንፍገት ይሆናል። ክትሩ በእንጨት ችካል ተከፋፈለ። ለከርከሮ ይህን ያህል፣ ለጃርት ይህን ያህል ተባለ። ከርከሮዎቹ ያን ዓመት የሠሩትን አባቶቻቸው በአምስት ዓመት አልሠሩትም። በመጋቢት ጉብኝት ሊደረግ ነው ተባለና ሁሉም የክትሩን አናት አስተካከለ፣ ሣሩን ከረከመ። ሸንጎው በአናቱ ላይ ሄደ። ከጎኑ ማንም አልወረደም፤ ከጎኑ ካልወረዱ ደግሞ ጉድጓድ አይታይም። ፍልፈል ከታች ሆኖ «እዚህ! እዚህ ጋ ባዶ ነው!» ይል ነበር፤ ከአፈር ውስጥ የሚወጣ ድምፅ ግን ለሰሚው ጉርምርምታ ነው።

እዚህ ላይ ተረቱን ትንሽ ላቁመው፤ የሆዴን ሳልናገር ብቀጥል ይከነክነኛል። ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጃይካ በሚባለው የጃፓን የትብብር ድርጅት እርዳታ በ30 ፋብሪካዎቻችን ተሞክሮ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ከልቤ ደስ ብሎኛል። ጃፓኖቹ ራሳቸው ዴሚንግ የሚባለውን አሜሪካዊ በ1950 አገራቸው ጠርተው ስለ ጥራት ቁጥጥር ሲያስተምራቸው በትሕትና ጽፈዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት በስሙ ሽልማት አቋቁመዋል። መማር አያሳፍርም። ግን ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ገመድ አለ። ከሠራተኛው ራስ በላይ በመስመሩ ርዝመት ተዘርግቷል። መኪናው ላይ ስሕተት ያየ ተራ ሠራተኛ፣ ዛሬ የተቀጠረም ቢሆን፣ ገመዱን ይስባል፤ አለቃው ይመጣል፤ ችግሩ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። እኔ ብዙ ቢሮ ገብቼ ወጥቻለሁ። መደርደሪያው ላይ ስም ተለጥፏል፣ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሯል፤ መልካም ነው፣ ፋይል ቶሎ ይገኛል። ዓይኔ ግን ገመዱን ይፈልጋል። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ፣ ከነጋ አርባ ባለጉዳይ «ነገ ይምጡ» ብላ የመለሰችው፣ «ይህ አሠራር ሰው እያጉላላ ነው፣ ይቁምልኝ» ብላ የምትስበው ገመድ የት ነው የተሰቀለው?

ወደ ክትሩ ልመለስ። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል። ሲመሽ ይወጣና ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ሳይነጋ ይመለሳል። የሚሄደውም ሁልጊዜ በአንድ ዱካ ነው። ያ ዱካ ከዓመት ዓመት በከባድ እግር ሲረገጥ ይጎደጉዳል፤ መጨረሻ ላይ ቦይ ይሆናል። የአለቃው ዱካ ክትሩን መሐል ለመሐል ቆርጦ ያልፍ ነበር። ችካል ሲተከል ከርከሮዎቹ ከዱካው በዚህ ወገን አቆሙ፤ ጃርቶቹ ከዚያ ወገን ጀመሩ። በመሐሉ የቀረው የማንም ድርሻ አልሆነም። ስምም ነበረው፤ «የአለቃ መንገድ» ይሉታል። ሸንጎው በመጋቢት ሲዞር እዚያ ሲደርስ ሁሉም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ተሻገረ።

ነሐሴ ላይ ውኃው መጣ። ከርከሮዎቹ የሠሩት ያዘ። ጃርቶቹ የሠሩት ያዘ። ውኃው ክትሩን ዳር ዳሩን እየዳሰሰ ሄዶ ሄዶ የአለቃውን መንገድ አገኘ፤ በተከፈተ በር እንደሚገባ እንግዳ ገባ። የኤሊ እንቁላሎች ሄዱ። የጅግራ ጫጩቶች ሄዱ። ጥንቸል ያን ዓመት የወለደቻቸው ሁለቱ ሄዱ።

በማግስቱ ሸንጎው ፍልፈልን ቀጣ። ጉድጓድ የሚምስ እርሱ ነው ተባለ።

ሽመላው በመስከረም ሲመጣ የጠበቀው ቁጣ ነበር። «ዋሽተኸናል» አሉት። «አካፋውን አመጣን፣ ድርሻ ተካፈልን፣ ጎበኘን። ያንተ አገር ሕግ እዚህ አይሠራም።»

«ያየሁትን ነው የነገርኳችሁ» አለ ሽመላው። «መልእክተኞቻችሁ ግን ሁለት ነገር አልጠየቁም። አንደኛው፣ ይህ ክትር መቼ ተሰብሮ ያውቃል የሚለው ነው። ብትጠይቁ ኖሮ ስለ 1962 በነገርኳችሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ነው። በየካቲት ሌሊት ባሕሩ በማዕበል ወደ ኤልቤ ገባ። ሃምቡርግ ታላቅ ከተማ ናት፤ ከባሕሩ የምትርቀው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እዚህ ድረስ አይመጣም ብለው ተኝተው ነበር። ክትሩ ከስልሳ በሚበልጥ ቦታ ተሰበረ። በከተማይቱ ብቻ ከ300 ሰው በላይ ሞተ። አያቴ ያኔ እዚሁ አዋሽ ዳር ነበረች። በጸደይ ስትመለስ ጎጆዋ የነበረበትን ጣሪያ አጣችው። ዛሬ የምታዩት ከፍ ያለው ክትር የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ቁራ ቁመቱን ለክቶ መጣ፤ ያን ያህል ለምን ከፍ እንዳለ ግን አልጠየቀም።»

«ሁለተኛውስ?» አለች ኤሊ።

«የክትሩ አለቃ የት ነው የሚተኛው የሚለው ነው።»

ማንም አልመለሰም።

«አለቃው ከመካከላቸው የተመረጠ ገበሬ ነው» አለ ሽመላው። «ቤቱ ከክትሩ ጀርባ ነው። ላሞቹ ከክትሩ ጀርባ ናቸው። ልጆቹ የሚተኙት ከክትሩ ጀርባ ነው። በጸደይ ሲዞር ማንም እንዲጎነበስ አያስገድደውም፤ እርሱ ራሱ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ጉድጓዱን ይጎረጉራል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ መተኛት ይፈልጋላ።»

ጅግራ ከኋላ ተነሣች። ጫጩቶቿን ካጣች ወዲህ መናገሯ ይህ የመጀመሪያው ነው። «ይህን ነገር እኔም አውቀዋለሁ» አለች። «የአክስቴ ልጆች ቦረና ናቸው። እዚያ ኤላ የሚባል ጥልቅ ጉድጓድ አለ፤ ጎረምሶቹ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ያወጡታል። ተራ የሚያስጠብቀው አባ ሄሬጋ ይባላል። የእርሱም ላሞች የሚጠጡት ከዚያው ጉድጓድ ነው። አባ ገዳውም ስምንት ዓመት ሲሞላው ያስረክባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚኖረው በሌላው ዘመን ሥር ነው። ጉሚ ጋዮ የሚባለው ጉባኤ ሲሰበሰብ ያጠፋ አባ ገዳ ይወቀሳል፣ ሊነሣም ይችላል።»

«ለምን እስከዛሬ አልነገርሽንም?» አላት ጭልፊት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ጅግራ።

እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ ሲመዘግበው ሁላችንም ኮራን፤ መኩራትም ይገባናል። ግን ኤልቤ ድረስ ሄዶ መማር ስሕተት ነበር የሚል እንዳይኖር። ሽመላው ባይናገር ጅግራ አፏን ባልከፈተች ነበር። አንዳንድ ጊዜ የራስን ነገር ለማወቅ የሰው አገር መስታወት ያስፈልጋል።

ሸንጎው ምንም ሳይወስን ተበተነ። ሁሉም የአለቃውን ፊት እያየ ወጣ። ያን ሌሊት ጥንቸል ወደ ኦዳው ወጣች። ጭልፊት አላስቆማትም፤ ለምን እንዳላስቆማት ኋላም አልተናገረም። አካፋውን ጎትታ አወረደችው። ከርሷ ሁለት እጥፍ ይረዝም ነበር። እየጎተተች፣ እያረፈች፣ ወንዙን በመልካው ተሻግራ፣ ሊነጋ ሲል ክትሩ ላይ ደረሰች። ያ የእርሷ ድርሻ አይደለም፤ የእርሷን ድርሻ አልፋው ሄደች። የአለቃው መንገድ መሐል ላይ፣ ጭቃው ገና ለስላሳ በሆነበት፣ አካፋውን አስገብታ ቆማበት ተከለችው። ከዚያም ወደ አዳማ ኮረብታ፣ ወደ ቁልቋሉ ሄደች።

በማግስቱ ማታ ጉማሬ ሊወጣ ሲል አካፋው ፊቱ ቆሟል። ዞሮት አለፈ። በሁለተኛውም ሌሊት ዞሮት አለፈ። በአካፋው ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን ዱካዎች ወጡ። አራዊቱ በየጠዋቱ እየመጡ ዱካዎቹን ያዩና ሳይነጋገሩ ይመለሳሉ። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ።

ጥር ላይ የማይታሰበው ሆነ። በነሐሴ በአለቃው መንገድ የወጣው ውኃ መንገዱን ወድዶት ነበር፤ ወንዙ ጥቂት በጥቂት ወደዚያ ዘነበለ። ጉማሬ የሚውልበት ጥልቅ ኩሬ መጉደል ጀመረ። መጀመሪያ ጆሮው ታየ። ከዚያ ጀርባው። የጉማሬ ቆዳ ፀሐይ አይችልም፤ ይሰነጣጠቃል። ግልገሉ በጭቃው ላይ ተኝቶ ይጮህ ነበር፤ ድምፁ እስከ ኦዳው ይሰማል። ጉማሬ ሌሊቱን ሣር ሳይግጥ በግልገሉ ራስጌ ቆመ።

በየካቲት አንድ ማለዳ ፍልፈል ክትሩ ተንቀጠቀጠበት። ቀና ቢል ጉማሬ ነው። አካፋውን በአፉ ይዞ ነቀለው። ብዙ ጊዜ አፉ ውስጥ ይዞት ቆመ፤ የት እንደሚያስቀምጠው የማያውቅ ይመስል ነበር። ከርከሮዎቹ መጡ፣ ጃርቶቹ መጡ፣ ጅግራ መጣች። ኤሊ እስክትደርስ ፀሐይ ከፍ ብላ ነበር።

ጉማሬ አካፋውን ከፊቷ አስቀመጠ። «እማማ፣ ሕጉን ይንገሩኝ» አለ።

«ሕጉን ያውቁታል ጌታው» አለች ኤሊ። «አካፋውን የነቀለ ዕዳውን ነቅሏል። ድርሻውም በመሬት ልክ ነው። እርስዎ ከሁላችን የበለጠ ሣር ይግጣሉ።»

«ስለዚህ ድርሻዬ ከሁላችሁ ይበልጣል።»

«ይበልጣል። ሸንጎውም ከእንግዲህ እዚህ፣ ከክትሩ ጀርባ ይቀመጥ። ግልገልዎም ከእኛ ልጆች ጋር ይተኛ።»

ከርከሮዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ጉማሬ ወደ ግልገሉ ዞር ብሎ ተመለከተ።

«በእርምጃ ይለካ» አለ። «በማን እግር?»

«በእኔ» አለች ኤሊ።

ሽመላው ያን ጠዋት ወደ ሰሜን ሊነሣ ነበር። ሽመላ መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ ለረጅም መንገድ አይነሣም፤ ያኔ ነው ክንፉን ዘርግቶ የሚንሳፈፈው። አየሩ ከረፋዱ ጀምሮ ሞቆለት ነበር። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ከቆቃ በላይ እየዞሩ ከፍ አሉ፤ እርሱ ግን ክትሩ ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ ቀረ። ኤሊ ከመጀመሪያው ችካል ጀምራ መሄድ ጀመረች። እግሯን አንሥታ ታስቀምጥና ትቆጥራለች። ጉማሬ ከኋላዋ ነው፤ እንዳይረግጣት እግሩን እያሰበ ያስቀምጣል። በየእርምጃው ፍልፈል ከጎኑ ወርዶ አፈሩን በጥርሱ ይሞክራል፤ ባዶ ሲያገኝ ይጮሃል፤ በጮኸ ቁጥር ሁሉም ይቆማል፤ ጉማሬ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን ጉድጓዱ ላይ ያስጠጋል።

ከሰዓት በኋላ፣ ከኮረብታው ቁልቋል መካከል ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ብቅ አሉ።

ፀሐይ ከቆቃ ውኃ በላይ ስትቀላ ኤሊ አርባ ሰባት ላይ ነበረች።